በየገጹ ግርጌ ያለው ስምሽ

ለተከበርሽውና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ከርሟል? ተረኝነት ሲደራረብብሽ ቀጥ ብለሽ መቆም ያቅትሽ ነበር፤ አሁን ሻል ብሎሽ ይሆን? እናታችንስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ከልክሏታል ወይስ ዛሬም «እኔ ምን ሆኜ!» እያለች ትወጣለች? መምህሩ ባለቤትሽ ድምፁ ተመለሰለት? ልጅሽስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን በእናንተ ሙያ አነጋገር ነው፤ ትኩሳት የለኝም፣ እበላለሁ፣ ሥራዬንም አላጓደልኩም። ከዚህ ያለፈውን ወደ ታች ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ይህን በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ማድረጌ ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ ባለፈው ስንነጋገር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግተሽዋል። ሁለተኛ፣ አንቺ ስትቆጪ እኔ ግማሹን ውጬ ግማሹን ብቻ እንደምናገር ራሴን አውቀዋለሁ። በጽሑፍ ከሆነ ግን ነገሩን እንደ አመጣጡ ላስረዳሽ እችላለሁ። መድኃኒት ጭኖ ወደ እናንተ የሚመጣው ሾፌር ነገ ጠዋት ስለሚነሳ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። መጨረሻውን ከፊት ብጽፍልሽ ወረቀቱን አጣጥፈሽ እንደምታስቀምጪው ስለምጠረጥር በተራው አድርጌዋለሁ፤ እባክሽ ታገሺኝ።

በአዋላጆች ማኅበራችሁ ውስጥ የእኔ ድርሻ የአባላት ጉዳይ መሆኑን ታውቂያለሽ። የሙያችሁ ትልቁ የጥናት መጽሔት ለረጅም ጊዜ ለትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ካልሆነ በቀር ዝግ ነበር። አንዲት አዋላጅ ነርስ ስለ ገዛ ሥራዋ የተጻፈውን ላንብብ ስትል ርዕሱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ ታይና ከዚያ በታች በሩ ይዘጋባታል። ሊቀመንበራችንና እኔ ከአሳታሚው ጋር ስንጻጻፍና ስንሟገት ከርመን ነው ለአባላት ያስከፈትነው። ስምምነቱ የተወሳሰበ አይደለም። እያንዳንዷ አባል በራሷ የአባልነት ቁጥርና በራሷ የይለፍ ቃል ትገባለች፤ ታነባለች፤ ከፈለገች ለራሷ ታወርዳለች፤ ለሌላ ሰው ግን አትልክም። የወረደው ጽሑፍ በየገጹ ግርጌ ያወረደችውን አባል ሙሉ ስም፣ ቁጥሯንና የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ በትንንሽ ፊደል ይዞ ይወጣል። አሳታሚው ያለዚህ አልፈርምም ስላለ ተቀበልነው።

በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ቢሮ ስደርስ የኮምፒውተር ባለሙያችን በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የተዘጋበት ሰው ሁሉ ወደ እሱ ስለሚሮጥ «መክፈቻው» እንለዋለን። ፊቱ በሳቅ ተሞልቷል። «እንኳን ደስ ያለህ! እህትህ እኮ ደራሲ ሆናለች፤ አንተ ግን ለግብዣ እንኳ አልጠራኸንም» አለኝ። ምን እንደሚያወራ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት ደም መፍሰስ የተጻፈው ያ ጥናት ነበር፤ ግርጌው ላይ ስምሽ ተጽፏል። ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር እሱ ያገኘው ከአጎቱ ልጅ ነው፤ የአጎቱ ልጅ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነው። ይባስ ብሎ በአንድ ሥልጠና ላይ አንድ ሐኪም ተነስተው፣ የሚፈሰው ደም በዓይን ከሚገመት በመስፈሪያ ይለካ ስትል ያጠናችው ባለሙያ ትመስገን ብለው ስምሽን ከነአባትሽ ጠርተዋል፤ ቤቱም አጨብጭቦልሻል። የአንባቢዋን ስም የጸሐፊዋ ስም አድርገው ወስደውታል ማለት ነው። መክፈቻው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ መክፈቻው እጅ የደረሰ ነገር አሳታሚው እጅ ሳይደርስ እንደማይቀር ገብቶኛልና።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሯ አስጠሩኝ። ሴትየዋን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ዝቅ ነው የሚለው። ያን ዕለት ለመስማት ወንበሬን ማስጠጋት ነበረብኝ። የአሳታሚው መልእክት ታትሞ ፊታቸው ተዘርግቷል። ስምሽ ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው የአባትሽን ስም ረጋ ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «የአባት ስም መመሳሰል ይሆናል» አሉኝ። መውጫ እየሰጡኝ መሰለኝ፤ ይሆናል ብል በዚያው ያልፍ ነበር። እህቴ ናት አልኳቸው። የአባትህ ልጅ ናት ወይ ሲሉኝ የአባቴም የእናቴም ልጅ ናት፣ ታላቄ ናት፣ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት ብዬ መለስኩ። «በል እንግዲህ፣ የቤትህን ጣጣ አንተው ጻፈው» ብለው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

አሳታሚው የጠየቀው ይህን ነው። የአንቺ ቁጥር እንዲዘጋና፣ አባሏ ስምምነቱን እያወቀች መጣሷን ማኅበሩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ። ይህ ሳይሆን ወሩ ካለቀ በሩ ለአባላት ሁሉ ይዘጋል። የአረፍተ ነገሩን ረቂቅ ሳይቀር አዘጋጅተው ልከውልናል፤ ከእኛ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነበር።

ያኑ ዕለት ደወልኩልሽ። የነገርሽኝን መልሼ የምጽፍልሽ በትክክል ተረድቼሽ እንደሆነ እንድታርሚኝ ነው። ተረኞች ስትቀያየሩ የምትወጡትም የምትገቡትም ከአንሶላው ቁምሳጥን አጠገብ ትቆማላችሁ። የእናቶቹ ርክክብ ሲያልቅ አንቺ ከመጽሔቱ አንድ ገጽ በራሳችን ቋንቋ እየመለስሽ ታነቢላቸዋለሽ፤ እነሱም ይጠይቁሻል፣ ይከራከሩሻል። ከሁላችሁም አባል የሆናችሁት አንቺና ሁለቱ ወጣቶች ብቻ ናችሁ። አንድ ቀን ርክክቡ ያመለጣት የሥራ ባልደረባሽ «ያለፈኝን ላኪልኝ» አለችሽ፤ ላክሽላት። እሷ ደግሞ ወደ ሌላ ጣቢያ ለተዛወረች ጓደኛዋ ላከች። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺም እኔም አናውቅም።

በግርጌው ስላለው ስምሽ ስጠይቅሽ የመለስሽልኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መጽሐፍ ስናውስ ሽፋኑ ላይ ስማችንን እንደምንጽፈው መስሎሽ ነበር፤ ቢጠፋ ያገኘው ሰው ለባለቤቱ እንዲመልስ። እንዲያውም ስምሽ መኖሩ ደስ ብሎሽ ነበር፤ ያልገባው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ ብለሽ። እውነትም ጠየቁሽ። ረግጠሻቸው በማታውቂያቸው ጣቢያዎች የሚሠሩ አዋላጆች በጤና ጣቢያው ስልክ እየደወሉ ያቺን የግርጌ ስም አቅርቡልን ማለት ጀመሩ። አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት ሳለ አዋላጇ ስለ መስፈሪያው ልትጠይቅሽ ደውላ፣ አንቺም ስልኩን በትከሻሽ ይዘሽ የራስሽን ሥራ ሳታቋርጪ እንደመለስሽላት፣ ሴትየዋም እንደተረፈች ነገርሽኝ።

እኔ በዚህ ላይ ምን አልኩሽ? ስምምነት ስምምነት ነው አልኩሽ። ሌላ ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ግን እሱ ነው። አንቺም «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ያ ስምምነትህ ደም አይቶ ያውቃል?» አልሽኝ። ቀጥለሽም ነገም ቢጠይቁኝ እልካለሁ፣ ከነገ ወዲያም እልካለሁ ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፤ በር ከፍቼ ኮሪደሩ ውስጥ ምን ፈልጌ እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ሰላም ሲለኝ «የሆነ ነገር ጠፍቶብሃል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በመስኮት በኩል ወዲያና ወዲህ ስል ሲያየኝ ሰንብቶ ኖሯል።

ረቂቁን ስመረምር «እያወቀች» የምትለዋ ቃል አላሳልፍ አለችኝ። ቁጥርሽ ይዘጋ ማለታቸውን ልቃወም አልቻልኩም፤ ጽሑፉ ወጥቷል፣ የወጣውም ከአንቺ ነው። እያወቀች የሚለው ግን እውነት አይደለም። ጥፋት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስሙንና የሥራ ቦታውን በየገጹ እያስነበበ አይልክም። ቃሏን ሰርዤ «ባለማወቅ» ብዬ ተካሁና ምክንያቱን ከሥሩ ዘርዝሬ ለሊቀመንበሯ አቀረብኩ። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ለአንዲት ቃል ብለህ የዚህን ሁሉ ሰው በር ልታስይዝብኝ ነው?» አሉኝ። ቃሏ ውሸት ናት አልኳቸው። ዝቅ ባለው ድምፃቸው «እህትህ ባትሆን ኖሮ ለዚህች ቃል እንዲህ ትሟገት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እትዬ፣ እሟገት ነበር ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልኩም፤ አልሟገትም ነበር ማለትም አልሆነልኝም። እውነቱን አላውቀውም አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ብዕራቸውን አንስተው ፈረሙ። ይህ ከተበላሸ ለአባላቱ አንድ በአንድ ደውለህ የምትነግራቸው አንተ ነህ፣ እኔ አልነግርልህም አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መልሱ እስኪመጣ ያለፉትን ቀናት እንዴት ብዬ ልግለጽልሽ። መልእክት መጥቶ እንደሆነ አያለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ወዲያው መልሼ እከፍታለሁ። መክፈቻው «ወንድሜ፣ የመልእክት ሳጥኑን ስለከፈትከውና ስለዘጋኸው መልሱ አይፈለፈልም» እያለ ይቀልድብኛል። በዚያው መካከል አንዲት አባል ደወለችልኝ፤ ብቻዋን ከምትሠራበት ሩቅ ጣቢያ ነው፤ ድምፅዋ ሲቆራረጥ የንፋሱ ፉጨት ይሰማኛል። የይለፍ ቃሏ ጠፍቶባት ነበር። አዲስ እንድታወጣ በየደረጃው እየነገርኩ አስገባኋት። ገጹ ሲከፈትላት እንደ ልጅ «ገባሁ! ገባሁ!» ብላ ጮኸች፤ መረቀችኝም። ምርቃቷን ስቀበል አንገቴን ደፍቻለሁ። እኔ በተሟገትኩባት ቃል የተነሳ በወሩ መጨረሻ ሊዘጋባት የሚችለውን በር ነው ያስከፈትኩላት። ከዚያ ቀደም «አባላት» የሚለው ቃል ለእኔ ጥቅል ቃል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቃሉን ባሰብኩ ቁጥር የዚያች ሴት ድምፅ ይመጣብኛል። «እያወቀች» የምትለዋን መልሼ ጽፌ ልላክላቸው ወይ ብዬ አስቤ ነበር፤ ይህንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ብዕሩን አንስቼ ሁሉ ነበር። አልጻፍኳትም፤ ያስቀረኝ ድፍረት ነው ብዬ ግን አልመካም።

መልሱ ትናንት መጣ። «ባለማወቅ» የሚለውን ተቀብለዋል። ቁጥርሽ ለአንድ ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እንደማንኛዋም አባል ይከፈትልሻል። በሩ ለሌሎቹ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ነገር ግን አባሏ ከተነገራት በኋላ ማንኛውንም ጽሑፍ ዳግም ብትልክ፣ በራሷ ቁጥርም ሆነ በሌላ ሰው ቁጥር፣ ስምምነቱ ያለ ተጨማሪ ውይይት ለሁሉም ይፈርሳል። ይህንንም በማኅበሩ ስም ዋስ ሆኖ የሚፈርም ሰው ጠየቁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሯ እፈርማለሁ ብለው ነበር፤ የአንቺን ጠባይ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ዋስትናውም የእኔ ይሁን አልኳቸው። ያስፈራኝም ጠባይሽን ማወቄ ነዋ!

ቁጥርሽን የዘጋሁትም እኔው ነኝ። መክፈቻው «ተወው፣ እኔ እዘጋዋለሁ፣ ብቻ ስሜን ቀይሩልኝ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ሌላ ሰው ቢዘጋው ኖሮ ለአንቺ ስጽፍ «ተዘጋ» እያልኩ ልሸሸግ እንደምችል ታወቀኝ። ስምሽን ፈልጌ አወጣሁት፤ አባታችን ያወጣልሽን ስም፣ ቀጥሎም የራሱን የአባታችንን ስም፣ እኔም የምጠራበትን። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ስምሽን አንድ ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ አዎ አልኩት።

አሁን ወደ እናንተ ቁምሳጥን ልምጣ። ለአሳታሚው በላክነው በዚያው ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ጨምሬ ነበር። አንዲት አባል በሥራ ቦታዋ ለባልደረቦቿ ድምፅዋን አሰምታ ብታነብ ስምምነቱን ትጥሳለች ወይ ብዬ። ማንበብ አልተከለከለም፣ የተከለከለው መላክ ነው ብለው መልሰዋል፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። ስለዚህ ርክክቡም ንባቡም አይቋረጥም። ሁለቱ ወጣቶች አባላት ናቸውና በየራሳቸው ቁጥር ገብተው ያንብቡ፤ አንቺ ቆመሽ አድምጪ። ማድመጥ ብቻ አንቺን እንደሚያንገበግብሽ አውቃለሁ። ልጅቷ አንዱን ቃል አበላሽታ ስትመልሰው እጅሽ ወደ ስልኳ ሲዘረጋ ከዚህ ሆኖ ይታየኛል። አርሚያት፣ ተከራከሪያት፤ ቁጥሯን ግን አትንኪ። ከየጣቢያው ለሚደውሉልሽም መልሺ። ያነበብሽው ከራስሽ ጋር ነው፣ የተፈራረምነውን ሁሉ አገላብጬ አይቻለሁ፣ በስልክ ማስረዳትን የሚከለክል አንድም መስመር የለበትም። ስለ ሐኪሙ ምስጋናም፣ ሲመችሽ ጸሐፊዋ እኔ አይደለሁም በያቸው፤ ጭብጨባው ግን ካልጠየቁሽ አይመለስም።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ይህን ነው። አንቺ ነገም እልካለሁ ብለሽኛል፤ እኔ ደግሞ አትልክም ብዬ ፈርሜያለሁ። ባለማወቅ ያልኩት እስከ ደወልኩልሽ ሰዓት ድረስ እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን እውነት ሆኖ የሚቆየው አንቺ ካቆየሽው ብቻ ነው። ያቺ ደም የፈሰሳት እናት ስለተረፈች ደስ ብሎኛል፤ ይህን በስልክ አላልኩሽም፣ ማለት ነበረብኝ። ቀጣዩን ጥናት ፈልጋ የምታነበው ያቺ ብቻዋን የምትሠራ አዋላጅም እናቶች አሏት፤ የእሷ በር ያለው በአንቺ እጅ ነው። ልታስቢበት ጊዜ እንደሚያስፈልግሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ሾፌሩ ሲመለስ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ፤ እሺ ወይም እምቢ። እሺ ካልሽኝ ዳግመኛ አላነሳብሽም። እምቢ ካልሽኝም አልቀየምሽም፤ ብቻ ከመላክሽ በፊት ንገሪኝ። ሊቀመንበሯ ፊት ቀርቤ ዋስትናዬን በራሴ አንደበት ላንሳ፤ ለአባላቱም ልደውል። የምጀምረው ከዚያች ንፋስ ካለበት ጣቢያ ነው።

እናታችንን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ምንም አትንገሪያት፣ ሁለታችንንም ጠርታ ትገስጸናለች፣ ጥፋቱን ደግሞ ለእኔ ታደላለች። ለመምህሩ ባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ድምፁ እስኪመለስ ክፍል ውስጥ አይጩህ። ልጅሽን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ አጎትሽ እንዴት ነው ብላ ከጠየቀች ሥራ በዝቶበታል በያት። ጎረቤታችንን ልብስ አጣቢዋንና አብረውሽ የሚሠሩትን ሁሉ፣ በተለይም ከእንግዲህ የሚያነቡትን ሁለቱን ወጣቶች፣ ሰላም በይልኝ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ
ኅዳር 19 ቀን